ሰር ሉሺየስ ሃሳርድና የጡት ወንድማቸው

የኪልቫርናው ባላባት ሰር ሉሺየስ ሃሳርድ ሁለት እናት ነበሯቸው። የወለደቻቸው እናት በትልቁ ቤት ደረጃ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ውስጥ ነጭ ሐር ለብሳ፣ ነጭ ውሻ ታቅፋ የምትታየው ወይዘሮ ስትሆን፣ እሳቸውን በተገላገለች በሳምንቱ በትኩሳት ሞታለች። ያጠባቻቸው እናት ግን የጭሰኛው የፒተር ጌራቲ ሚስት ኖራ ነበረች። ኖራ በዚያው ሰሞን ማላኪ የተባለ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበርና፣ የባላባቱን ልጅ በአንድ ክንዷ፣ የአብራኳን ክፋይ በሌላው ታቅፋ፣ ጣሪያው ሣር፣ ወለሉ አፈር በሆነው ጎጆዋ ሁለቱን እኩል አሳደገቻቸው።

ልጆቹ ጡት ከጣሉ በኋላም አልተለያዩም። ከሐይቁ ዓሣ አብረው ያጠምዱ፣ ከቄሱ ጓሮ ፖም አብረው ይሰርቁ ነበር፤ ሲያዙ ግን የሚገረፈው ማላኪ ብቻ ነበር። ሉሺየስ እንደ ሸምበቆ ሲመዘዝ ማላኪ አጭርና ደንዳና ሆኖ ቀረ።

«ወተቱን ሁሉ ጨርሰህብኝ ነው እንጂ እኔም እረዝም ነበር» ይል ነበር ማላኪ።

«አንተ ደግሞ ምላሱን ጠቅልለህ ወሰድከው» ይመልስለት ነበር ሉሺየስ።

ከዚያ በኋላ ሉሺየስ እንግሊዝ አገር ተምረው ተመለሱ። አባታቸው ሲያርፉ ርስቱንና ማዕረጉን ወረሱ፤ ጥቂት ቆይተውም አውራጃውን ወክለው ለንደን ካለው ምክር ቤት ገቡ። ትዳር አልያዙም። ዘመኑ የአየርላንድ መሬት የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ አገሩን ያመሰበት ዘመን ነበር። ወገኖቻቸው፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግረው በንጉሥ ቃል ርስት የተተከለላቸው ባላባቶች፣ አንዲት ጋሻ አንለቅም ሲሉ፣ ሰር ሉሺየስ መሬቱ ለሚያርሰው ይሸጥ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደብሊን ወዳለው የመኳንንቱ ክበብ ሲገቡ ተቀማጩ ሁሉ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍን ጀመር። የአክስታቸው ልጅ ሌዲ ሃሪየት ብቻ በግልጽ ተቆጣቻቸው።

«አንተ እኮ የአባትህን መቃብር ሳይቀር ለድንች ማሳ ከመስጠት የማትመለስ ሰው ነህ!» አለቻቸው።

«አባቴ ድንች ይወዱ ነበር» አሉ ሰር ሉሺየስ።

የመሬቱ ሕግ ጸደቀ፤ የኪልቫርና ርስትም ለጭሰኞቹ ተሸጠ። ለባላባቱ የቀራቸው ትልቁ ቤት፣ በዙሪያው ያለው መስክና ዛፉ ብቻ ነበር። በዚህ አላዘኑም። ለራሳቸው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጌትነት ወርደው ጎረቤት መሆን። ሰው ሁሉ እንደ ሰው እንዲቀበላቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የራቃቸው ማላኪ እንደ ልጅነታቸው ዘመን «አንተ ሉሺየስ» ብሎ እንዲጠራቸው ይመኙ ነበር። ለምን እንደ ራቃቸው አያውቁም ነበር። የሥራ ብዛት፣ የዕድሜ መግፋት ይሆናል ብለው ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር።

በየዓመቱ መከር ሲያበቃ ጭሰኞቹ የመሬት ግብራቸውን ይዘው ወደ ትልቁ ቤት ይመጡና ከፍለው ሲያበቁ በአዳራሹ ምሳ ይበሉ ነበር። ይህ ከሰር ሉሺየስ አያት ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ልማድ ነው። ርስቱ በተሸጠበት ዓመትም ባላባቱ ምሳው እንደ ወትሮው እንዲሰናዳ አዘዙ። ረዣዥሞቹ ገበታዎች ተዘረጉ፤ ዝዮቹ ተጠበሱ፤ የአሳማው ሥጋ ከጎመን ጋር ተቀቀለ፤ የጥቁር ቢራው በርሜል ተከፈተ። ሰር ሉሺየስ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው በገበታው ራስ ተቀመጡ። ዘንድሮ ደስታቸው እጥፍ ነበር፤ የሚመጣው ሰው ባለዕዳ ሆኖ ሳይሆን ወዶ የሚመጣ ነውና።

ቀትር ሆነ፤ ቀትርም አለፈ። በሩን የቆረቆረ ሰው አልነበረም።

«ዝናቡ አግዷቸው ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል ጌታዬ» አለች የቤቱ አዛዥ ዲሊያ ማኒየን፣ የሠፈሩ ተወላጅ የሆነች ሸምገል ያለች ሴት። በዚያ አገር ግን ዝናብ ሰውን ከምንም ነገር አግዶ እንደማያውቅ ሁለቱም አሳምረው ያውቁ ነበር።

የዝዩ ስብ በሳህኑ ላይ ረግቶ ነጭ በሆነ ሰዓት የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ማላኪ ጌራቲ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ውኃ ከትከሻው እየተንጠባጠበ ገባ። ሰር ሉሺየስ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

«ማላኪ! ና፣ ግባ፣ ተቀመጥ! ሌሎቹ የት ቀሩ?»

«ምሳቸውን እየበሉ ነው ጌታዬ።»

«የት?»

«በየቤታቸው ነዋ።»

«ምን በደልኳቸው?»

«ኧረ ምንም አልበደሏቸውም። ግብር ሊከፍሉ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን ይበሉ ነበር፤ ዘንድሮ ግብር የለም። ሰው የራሱን ድንች ትቶ፣ ዝናብ ተሸክሞ፣ የሰው ዝይ ሊበላ ለምን ይመጣል? ዝይዋም ብትሆን ደረቅ ናት። ስንት ዘመን በይሉኝታ ዋጥናት።»

«ደረቅስ ያንተ ልብ!» አለች ዲሊያ ከምድጃው አጠገብ። «ሦስት ጊዜ እየጨመርክ ስትበላ እኔ ነበርኩ ያቀረብኩልህ!»

«ረሃብ ነበራ፣ ዲሊያ። ያን ጊዜ ረሃብ ነበር።»

ሰር ሉሺየስ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እሺ፣ እነሱስ ይሁን። አንተ ግን መጥተሃል።»

«ጊደሮቼ አጥር ጥሰው ሣርዎን ስለ ጋጡ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አጥሩን ነገ እጠግናለሁ።»

«ማላኪ፣ እኔን አንቱ ማለት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ማላኪ ኮፍያውን በጣቶቹ መካከል አዞረ። «ከእናቴ ቀብር ወዲህ» አለ።

«ለእናትህ ቀብር ያጎደልኩት ክብር አለ? ለጳጳስ የሚደረገው ሁሉ ነው የተደረገላት!»

«ካላወቁት እኔ ልነግርዎ አልችልም» አለና በመጣበት በር ተመልሶ ወጣ።

ኖራ የሞተችው ሕጉ ለምክር ቤቱ በቀረበበት የጸደይ ወራት ነበር። የቴሌግራሙ ወሬ ሰር ሉሺየስን ያገኛቸው ለንደን ነው። የሚቀጥለው ቀን ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር፤ አንድ ሰው ቢጎድል ሕጉ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ይፈራ ነበር። ክፍላቸውን ቆልፈው አለቀሱ፤ ከዚያም ፊታቸውን ታጥበው ወደ ኪልቫርና ትእዛዝ ላኩ፦ የቤተሰቡ አርማ ያለበት ታላቁ ሠረገላ ጥቁር ላባ በተሰካላቸው ፈረሶች እየተሳበ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በእሳቸው ምትክ ሬሳውን እንዲከተል። እንደ እሳቸው ባሉት መኳንንት ዘንድ ባለቤቱ መገኘት ሲያቅተው ባዶ ሠረገላውን መላክ ከሐዘን መግለጫዎች ሁሉ የከበረው ነበር። ለገበሬ ሚስት እንዲህ ያደረገ ባላባት በአውራጃው ታይቶ አይታወቅም። ሰር ሉሺየስም በልባቸው፣ አንድም ሠረገላውን፣ አንድም ድምፄን፣ ለኖራ ሁለት ስጦታ ሰጥቻለሁ ብለው ኖረው ነበር።

«ዲሊያ፣ አንቺ በቀብሩ ነበርሽ። ምን ተደረገ?» አሉ ያን ዕለት፣ ባልተበላው ገበታ ፊት ቆመው።

«ሠረገላው ሬሳውን ተከተለ፣ ጌታዬ።»

«እንዲከተል ነዋ የታዘዘው።»

«ወዲያው ነው የተከተለው። ሳጥኑ፣ ከዚያ ሠረገላው፣ ከዚያ ማላኪ።»

ሰር ሉሺየስ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«ነጂው ታፕሊ፣ የጌታዬ ቦታ ከፊት ነው ብሎ ሕዝቡን በፈረሶቹ ሰንጥቆ ገባ። ማላኪ እናቱን የቀበራት የፈረስ ቂጥ እያየ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ እንዲህ ስል። በኋላ ልጆች መጋረጃውን ገልጠው ወደ ውስጥ አዩና፣ ማንም የለበትም እኮ ብለው ጮኹ።» ዲሊያ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። «በእግርዎ ቢመጡ ኖሮ ጌታዬ፣ ከሳምንት በኋላም ቢሆን፣ ማላኪ ምንም አይልም ነበር።»

ሰር ሉሺየስ ጥፋታቸውን በዚያች ሰዓት አወቁት፤ መካሻውን ግን አላወቁም። ወደ ማላኪ ደጅ ሄዶ «በድዬሃለሁ» ማለትን ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። የተማሩትና የሚያውቁት ማዘዝና መስጠት ብቻ ነበር። ስለዚህ ከደብሊን የእብነ በረድ ድንጋይ አስመጥተው በኖራ መቃብር ላይ አስተከሉ። በድንጋዩ ላይ «ለታማኝ ሞግዚታቸው ለኖራ፣ ከሰር ሉሺየስ ሃሳርድ» የሚል በወርቅ ቀለም ተጻፈ። ማላኪ እሑድ ዕለት ከቅዳሴ ሲወጣ አየው። ስምንት የወለደች፣ ባሏን የቀበረች፣ በረሃብ ዘመን ልጆቿን ከሞት ያተረፈች ሴት በመቃብሯ ላይ ሞግዚት ብቻ ሆና ቀረች። ድንጋዩን አልሰበረም፤ ቃልም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ግን ሰር ሉሺየስን በመንገድ ሲያገኝ ኮፍያውን እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰው ከፍ አድርጎ ያልፍ ጀመር።

ቀጣዩ ምርጫ ሲመጣ ባላባቱ ተሸነፉ። ያሸነፋቸው ብሬናን የሚባል የእህል ዘርና የመጠጥ ሻጭ ነበር። ባላባቱ ከምርጫው በፊት በገበያው አደባባይ ላይ ቆመው ሲናገሩ ከሕዝቡ መካከል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ሰር ሉሺየስ፣ መሬቱን ለቀውልናል፤ እስቲ ደግሞ ወንበሩን ይልቀቁልን!» አለ። አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ባላባቱም አብረው ሳቁ። ከሕዝቡ መካከል ያልሳቀው አንድ አጭር ሰው ብቻ ነበር፤ ሰር ሉሺየስ ማላኪን አዩት፤ እሱ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። ትልቁ ቤት ክፍል በክፍል ተዘጋ፤ ሠረገላውም ፈረሶቹም ተሸጡ፤ ከሠራተኞቹ የቀረችው ዲሊያ ብቻ ሆነች። አንድ የክረምት ማለዳ ዲሊያ ቁርስ አቀረበች።

«ማላኪ ሳንባውን ታሟል። ቄሱ ትናንት አቁርበውታል» አለች።

ሰር ሉሺየስ ቁርሱን ትተው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ በጭቃው መንገድ በእግራቸው ሄዱ። የጌራቲ ቤት አሁን ሣር ክዳን አይደለም፤ በራሱ መሬት ላይ የተሠራ፣ ጣሪያው በስስ የድንጋይ ንጣፍ የተከደነ ጥሩ ቤት ነው። የማላኪ ሚስት ዊኒ በሩን ከፈተች። በምድጃው ዙሪያ የነበሩት ወንዶች ሁሉ አንድ ላይ ብድግ አሉ።

«ኧረ ተቀመጡ፣ እባካችሁ» አሉ ሰር ሉሺየስ። የተቀመጠ የለም። ዊኒ ወደ ጓዳ መራቻቸው።

ማላኪ በትራስ ተደግፎ ተኝቶ ነበር፤ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል።

«ማነው?» አለ።

«ሉሺየስ ነኝ።»

«ሰር ሉሺየስ?»

«ሉሺየስ ብቻ።» ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። በመንገድ ላይ ያሰናዱት ንግግር ነበር፤ ምክር ቤት እንደሚናገሩት ያለ የተዋበ ንግግር። ሁሉም ከአፋቸው ጠፋ። «በእግሬ መምጣት ነበረብኝ» አሉ። «ሕጉም ድምፁም ገደል ይግባ፤ መጥቼ ካንተ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። ያን ድንጋይም መትከል አልነበረብኝም። እናቴ ነበረች፤ እናቴ ብዬ መጻፍ ፈራሁ።»

ማላኪ በትራሱ ላይ ቀና ብሎ አያቸው።

«ይህን እንድትለኝ ስንት ዓመት ጠበቅሁ መሰለህ» አለ። «መጥተህ ስትለኝ የምመልስልህን ስድብ እንኳ አሳምሬ አዘጋጅቼ ነበር። አሁን ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ። ምነው ትንሽ ቀደም ብትል፣ አንተ ረዥም?»

ሰር ሉሺየስ እጁን ያዙ። የጠራቸው «አንተ» ብሎ ነበር።

«እኔን ስትቀብር በእግርህ ሂድ» አለ ማላኪ።

«እሸከምሃለሁ።»

«አትችልም፣ ትደፋኛለህ» አለና ሳቀ፤ ሳቁም በሳል ተቋረጠ።

በማግስቱ ሞተ።

በቀብሩ ዕለት ሰር ሉሺየስ፣ ፕሮቴስታንት ነበሩና፣ በካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ከኋላ ቆመው ጸሎቱን ሰሙ። ሳጥኑ ሲወጣ ከሕዝቡ መጨረሻ ሊሰለፉ ሞከሩ፤ ዝግ ሲሉ ግን በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ዝግ ይላል፤ ሲፈጥኑ መንገድ ይለቅላቸዋል፤ በሰው መካከል እየሄዱ በዙሪያቸው ክፍት ቦታ ሆነ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ የሚለዋወጡበት ሰዓት ነበርና ዊኒ ዞር ብላ ፈለገቻቸው።

«ሰር ሉሺየስ፣ ቃል ገብተውለት ነበር» አለች።

ከኋላ በኩል ትከሻቸውን ከሳጥኑ ሥር አደረጉ። ከሌሎቹ ሦስት ተሸካሚዎች በአንድ ራስ ይረዝሙ ነበርና ሳጥኑ ወደ ፊት ዘመመ።

«ዝቅ ይበሉ!» አለ ከጎናቸው የተሸከመው የማላኪ ትልቁ ልጅ ታዲ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ዝቅ ይበሉ እንጂ! አባቴን ሊደፉት ነው እንዴ?»

በዚያ ሕዝብ መካከል እንዲህ ያዘዛቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጉልበታቸውን አጥፈው ጎበጡ፤ ሳጥኑም ተስተካከለ። የስድሳ ዓመቱ ሽማግሌ እስከ መቃብሩ አፋፍ ድረስ በታጠፈ ጉልበት ሄዱ፤ ላብና እንባቸው ተቀላቅሎ ወረደ፤ ነገር ግን በሕይወታቸው ያን ያህል ደስ ያላቸው ቀን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰዎቹ ተራ በተራ እጃቸውን ጨበጧቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሰር ሉሺየስ» እያሉ አለፉ። ከዚያም ሕዝቡ ሁለትም ሦስትም እየሆነ፣ እያወራ፣ ፒፓውን እየለኮሰ ወደ ጌራቲ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ሰር ሉሺየስ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሙ። ዊኒ አየቻቸው፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሥታ አለፈች። ታዲም አለፈ። አንዱ እንኳ «ይምጡ» ይለኛል ብለው የመጨረሻው ሰው ከእይታ እስኪሰወር ጠበቁ። ሐዘኑ የቤተሰብ ነው፤ ሳይጠሩ መግባት ነውር ነው አሉ በልባቸው፤ ከዚያም ብቻቸውን ወደ ትልቁ ቤት ተመለሱ።

በማግስቱ ጧት ዲሊያ እሳቱን እያነደደች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ትናንት ምነው ቀሩ?» አለቻቸው።

«የት?»

«ለቅሶ ቤት ነዋ። ዊኒ ከማላኪ ወንበር አጠገብ ቦታ ይዛልዎ ነበር። አንድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል፣ ተው፣ ሉሺየስ ይመጣል ብላ ከለከለችው። ሰር እንኳ አላለችም። ሻዩን ሁለት ጊዜ አሞቀችው። ኋላ ታዲ፣ እናቴ ተይው፣ ከኛ ጋር መቀመጥ ከብዷቸዋል አላት።»

«ማንም ና አላለኝም እኮ!»

ዲሊያ ዞር ብላ በእውነት ግራ በመጋባት አየቻቸው። «ለቅሶ ቤት ሰው ና ይባላል እንዴ፣ ጌታዬ?»

ሰር ሉሺየስ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያም ካፖርታቸው ወዳለበት ሄዱ።

«አሁን ብሄድስ?» አሉ።

«ይሂዱ እንጂ» አለች ዲሊያ፤ አነጋገሯ ግን ከልብ አልነበረም። «ግን አሁን እንግዳ ነው የሚሆኑት።»

ሄዱ። ዊኒ በሩን ከፈተች፤ በአክብሮት እጅ ነሣች፤ በምድጃው አጠገብ ሳይሆን ቄሱና ሐኪሙ ብቻ ወደሚገቡበት፣ እሳት ወዳልነደደበት ንጹሕ ክፍል አስገባቻቸው። ሻዩን በበዓል ብቻ በሚወጣው ስኒ አቀረበችላቸው። እሷም ከፊታቸው፣ በወንበሩ ጫፍ ላይ፣ እጇን በጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች።

«ደግነትዎ ነው፣ ሰር ሉሺየስ፣ እዚህ ድረስ መምጣትዎ» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ከወጥ ቤቱ፣ ታዲና ወንድሞቹ አንዱ አንዱን እያቋረጠ ሲያወሩ፣ ስለ አባታቸው አንድ ነገር አስታውሰው እየሳቁ ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር። ሰር ሉሺየስ ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ። ሻዩን ጠጥተው ጨረሱ፤ አመሰገኑ፤ ዊኒም እስከ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው።